ምች ነው የተባለው ከሰል

ባንችይርጋ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም ይሏታል። ልክ ናቸው። ነገረኛ ናት የሚሉም አሉ፤ ስለ ምን እንደምትናገር ግን ጠይቆ የሰማ ጥቂት ነው።

ጋሸና ላይ፣ የላሊበላው መንገድ ከዋናው ከሚገነጠልበት፣ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ ጀርባ የታፈረ እንጨት ሥራ ቤት አለ። እዚያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም። መጀመሪያ ሰሞን ሹፌሮቹ መላጊያ ይዛ ሲያዩዋት ይስቁ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የተሰበረ የመኪናውን የጎን ሳንቃ አሳምራ ሠርታ ስትሰጠው ሳቁን ተወና “አናጢዋ” ይላት ጀመር፤ ስሟ ሆኖ ቀረ። ባል አግብታ ፈታለች፤ ስለ እሱ አታወራም። ስለ ወይራ እንጨት ካነሱባት ግን የምሳ ሰዓት ያልፋል።

የተወለደችው ዋድላ ገጠር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ኮን ከተማ ከሁለት ያገሯ ልጆች፣ ከንጋትና ከሰብሌ ጋር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። አንድ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። እሁድ ከሰዓት ሽሮዋን አዝላ ስትመለስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ልጆቹ ለብርዱ ብለው የከሰል ማንደጃ አስገብተው፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቅጥቀው ነበር የተኙት። አልተነሡም። አገሩ ሁሉ “መጋኛ መታቸው” አለ። ተለቀሰ፣ ተቀበሩ፣ አከራይቷ ማንደጃውን አጥባ ለሚቀጥለው ተከራይ ሰጠች። በሳምንቱ የኬሚስትሪ መምህራቸው የዕለቱን ትምህርት ትቶ፣ ጠመኔውን እንደያዘ፣ ከሰል ሲነድ መልክም ሽታም የሌለው ጋዝ እንደሚያወጣ፣ ፍም ከሆነ በኋላም እንደማይተው፣ በተዘጋ ቤት ሰውን ሳይታወቀው እንደሚያደክመውና እንደሚገድለው ነገራቸው። ከክፍሉ ግማሹ እያለቀሰ ነበር፤ ግማሹ አላመነም። ባንችይርጋ አመነች።

ከዚያ ወዲህ ፍም ባለበት ቤት በር ተዘግቶ አትቀመጥም። ለቅሶ ቤት እንኳ ብትሄድ ከደጃፉ ናት። ሰው ኩራት ይመስለዋል።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ወልድያ የእንጨት ሥራ ተማረች። ከሃያ ሁለት ሠልጣኝ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሠልጥና ስትወጣ ሁለት ዓመት ያህል ማንም አልቀጠራትም፤ የቀጠራት ታፈረ ነው። ይህን አትክድም። ሲጣሉም ቢሆን “እሱ ባይኖር ኖሮ” ትላለች።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ማለቂያ ላይ ታፈረ ከላሊበላ ትልቅ ሥራ ይዞ መጣ። አንድ አዲስ ሆቴል ለገና እንግዶቹ ስምንት የምግብ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ የወይራ ጣውላ ለሁለት ተከፍሎ፣ መሐሉ በኢፖክሲ ተሞልቶ፣ ሰማያዊ ወንዝ የሚፈስበት የሚመስል። ባለሆቴሉ ፎቶውን በስልኩ አሳይቶታል። ኢፖክሲው ከአዲስ አበባ በሁለት ዓይነት ጀሪካን መጣ፤ አንደኛው ራሱ ኢፖክሲው፣ ሌላው ማድረቂያው። ሁለቱ በልክ ተቀላቅለው ሲፈስሱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ፣ እንደ መስተዋት ይጠራሉ ተብሏል። በስልክ ሲታይ ቀላል ነበር።

ስለ ብርዱ የነገራቸው የለም። የጋሸናን ታኅሣሥ የሚያውቀው ያውቀዋል። ጠዋት በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ስስ በረዶ ለብሶ ይጠብቃል፤ ንፋሱ ከዋድላና ከደላንታ ሜዳ ተነሥቶ ያለ ከልካይ ይመጣል። ሥራ ቤቱ ደግሞ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። የመጀመሪያውን ጠረጴዛ አፍስሰው ሦስት ቀን ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ባንችይርጋ ጣቷን ብትጭንበት ጣቷን ተከትሎ ወጣ፤ እንደ ማር ይሳባል።

ሦስተኛው ሠራተኛ ሙጂብ ጎንበስ ብሎ አየው። የዚያው የመንገድ ዳር ልጅ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ዝምተኛ፣ ሲቀልድ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በዳቦ ብንበላው ይሻላል አለ። ታፈረ አልሳቀም።

ባንችይርጋ ጀሪካኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ላጠችና መዝገበ ቃላት ይዛ ቤቷ አነበበችው። ጠዋት የተረዳችውን ለታፈረ ነገረችው። ቦታው ከሃያ ዲግሪ በላይ ይሙቅ ይላል። እርጥበት አይንካው ይላል። መስኮት ይከፈት፣ አየር ይግባ ይላል። እሳት አይጠጋው ይላል። ታፈረ ከአራቱ አንዱን ብቻ ሰማ።

በዚያው ቀን ከፋርማሲ የሰው ትኩሳት መለኪያ ገዝቶ መጣና ግድግዳው ላይ ሰቀለው። መለኪያው ከመነሻው ንቅንቅ አልል አለ። ሙጂብ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀና ብሎ አየና፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ትኩሳት የለበትም” አለ። ለእሷ ይህ ጨዋታ የዚያ ወር የመጨረሻው ሳቅ ነበር።

ታፈረ አንዲቱን መስኮት በሚስማር መታት። ከውስጥ ላስቲክ ወጠረባት። ከበሩ ሥር ማዳበሪያ ጠቀጠቀ። ሁለት ማንደጃ ከሰል ውጭ ተቀጣጠለና ቀይ ፍም ሲሆን ገባ። ቤቱ ሞቀ። ኮታቸውን አወለቁ።

ባንችይርጋ መጀመሪያ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ይህ ለእሷ ብርቅ ነው።

“ጋሽ ታፈረ፣ ይሄ ይገድለናል።”

“ጭሱ ወጥቶለታል እኮ። ዓይንሽን ያቃጥልሻል? ያስልሻል?”

“አያቃጥልም። ክፋቱ እሱ ነው።”

ታፈረ አባቱ ቤት እሳት ቀን ከሌት ሲነድ እንዳደገ፣ ከዚያ ቤትም አንድ ሰው እንዳልሞተ ነገራት። የአባቱ ቤት ጣሪያው ሣር ነው፣ ይተነፍሳል፤ ይሄ ቆርቆሮና ላስቲክ ነው ብትለው፣ አንቺ ሁልጊዜ ሞት ይታይሻል ብሎ አለፋት። ክፉ ሰው አይደለም። የሆቴሉ ቀን ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲያ ማየት አልፈለገም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ማንደጃዎቹን ከመሐል አንሥቶ ማዕዘን ላይ አስቀመጣቸው። አልሸሹም ዞር አሉ አለች ባንችይርጋ፤ ከማንደጃው ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ የነበረውን የአኳራጅ ቆርቆሮም ራሷ አንሥታ ውጭ አወጣችው። አኳራጅ ቀለም ማቅጠኛ ነው፤ ከፍም ጋር ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም ነበር። ለታፈረ ግን መንገር አስፈለገ።

ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ደህና ሆነው ይገባሉ፤ እኩለ ቀን ላይ የሦስቱም ራስ ይወቅራል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። የግቢው ባለቤት እማማ አልጣሽ ናቸው። ሥራ ቤቱን ለታፈረ ያከራዩት እሳቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ እጀ ለጋስ ሴት። ከቤታቸው ጎን የተከሉት ዳማከሴ የጋሸናን ግማሽ ያሽራል። ሠራተኞቹ ራሳቸውን ይዘው ሲወጡ ባዩ ጊዜ ሳይጠየቁ ፈረዱ፤ ከሙቀት ወደ ንፋስ ስትወጡ ምች መቷችሁ ነው አሉ። ቅጠሉን አሽተው ግንባራቸውን ቀቧቸው፣ ጭማቂውን በሻይ አጠጧቸው። ንፋስ ላይ በመቆማቸው እውነትም ቀለል አላቸው። ምስጋናው ለዳማከሴው ሆነ።

“እማማ፣” አለች ባንችይርጋ በሁለተኛው ሳምንት፣ “ይሄ ምች እሁድ እሁድ ዕረፍት ይወጣል እንዴ? ሥራ በማንገባበት ቀን ማንንም አልመታም።”

“በበሽታ አይቀለድም፣ ልጄ” አሏት እማማ አልጣሽ፤ እውነትም ስለ እሷ ፈርተው።

አንድ ማለዳ ቀድማ መጥታ የመስኮቱን ሚስማር በጉጠት ነቀለችው። ታፈረ ሲመጣ ረዘም ያለ ሚስማር አምጥቶ መልሶ መታው። ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው አላት። በሩስ መቼ ክፍት ሆነ ብላ መለሰችለት። መሄድ ትችል ነበር። የቤት ኪራይዋን ተወው፤ እሷ ብትሄድ ሙጂብ ብቻውን እዚያ ውስጥ ይቀራል። ሙጂብ ደግሞ ታላቁን ሰው እንቢ የሚልበት አፍ የለውም። እሷ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ ታፈረ ሲቆጣ እሱ ተነሥቶ ይዘጋዋል። ሥራው ሁሉ እንዲህ ሆነ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ታፈረ ላሊበላ ሄዳ ጠረጴዛዎቹ የሚቀመጡበትን አዳራሽ እንድትለካ ላካት። ጠዋት ሚኒባስ ከመሳፈሯ በፊት ሙጂብን ጠርታ፣ እሷ እስክትመለስ በሩን እንዳይዘጋ አስማለችው። ወላሂ አልዘጋም አላት፤ ፈገግ ብሎም “አብሽሪ” አለ።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በጭነት መኪና ተመለሰች። ግቢው በር ላይ ሴቶች ቆመዋል። ታፈረ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። እማማ አልጣሽ የሥራ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ዳማከሴ እጃቸው ላይ እንዳለ፣ እንደ ዘበኛ ተቀምጠዋል።

ምን ሆነ ብትል፣ ሙጂብን እኩለ ቀን ላይ ምች ክፉኛ መታው አሏት። መላጊያውን እንደያዘ ወደቀ። ሙቀት ይሻለዋል ብለው እዚያው ጣውላ ላይ አስተኝተው፣ ሁለት ጋቢ ደራርበው፣ ላብ እንዲያወጣው ከሰል ጨምረውበት፣ ንፋስ እንዳይገባ በሩን ዘግተውበታል። እማማ አልጣሽ አልፎ አልፎ እየገቡ ጭማቂውን በአፍንጫው ጠብ ያደርጉለታል። ላቡ እስኪወጣ አይከፈትም።

እሷ አዳራሹን የለካችበትን ሜትር ጣለች። እማማ አልጣሽን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አለፈች፤ በሕይወቷ ትልቅ ሰው ገፍታ አታውቅም። በሩን በርግዳ ገባች፤ ትንፋሿን ይዛ በብብቱ ሥር ገብታ ጎተተችው። ከባድ ነበር። ጋቢው ደጃፉ ላይ ከሰውነቱ ተገፎ ቀረ፤ የግቢው ንፋስ ላብ ያጠመቀው ደረቱ ላይ ወረደ። ሴቶቹ ጮኹ። እማማ አልጣሽ “በላቡ ላይ ንፋስ፣ ልጄን ልትገድለው ነው” እያሉ ጋቢውን ይዘው ተከተሏት። ታፈረ ሮጦ የሙጂብን ሁለት እግር ያዘና መልሶ ወደ ቤት ይስበው ጀመር። ለጥቂት ጊዜ ያንን ሰው እሷ ወደ ንፋሱ፣ እሱ ወደ ከሰሉ ይጓተቱት ነበር።

“ጋሽ ታፈረ” አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። “ከሞተ የገደለችው ባንችይርጋ ናት በሉ። እዚህ ሁሉም ይስማኝ፤ እቀበላለሁ። አሁን ግን እግሩን ይልቀቁ።”

ታፈረ ዙሪያውን አየ። ለቀቀ።

መሬት ላይ ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ከበቧት፤ አንዷ ደረቷን እየደቃች ነበር። ማንም አልረዳት፤ ማንም ግን አልነካት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሙጂብ አስመለሰውና ዓይኑን ገለጠ። የሚያውቃት ሹፌር መኪናውን አስነሣ። መኪናው ሲወጣ እማማ አልጣሽ እየተከተሉ ይለምኑ ነበር፤ ምች መርፌ አይወድም፣ እንዳትወጉት።

ጤና ጣቢያ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ከሰል ነበር ወይ የሚል ነበር። ኦክስጅን አደረጉለት፤ ሁለት ቀን አስተኙት። ሐኪሙ ወሬውን ሰምቶ ለመጣው ለሙጂብ ወንድምም ለእሷም ግልጹን ነገራቸው። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለና ቀሪውን ተወው።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። በሦስተኛው ቀን ከተማው ውስጥ የሚወራው ሌላ ነው። ዳማከሴው ደርሶለት ነው እንጂ በዚያ ንፋስ አልቆለት ነበር። ያቺ ነገረኛ በላቡ አውጥታ ልትገድለው፣ የእማማ አልጣሽ እጅ አተረፈው። ባንችይርጋ ምሳ ልትበላ ምግብ ቤት ስትገባ ይህንን ከማታውቀው ሰው አፍ ሰማችው። እኔ ነኝ ያቺ አለችው። ከዚያ ለምን ኦክስጅን እንደተሰጠው፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ እየጠቀሰች ተከራከረች። ሰውየው እንጀራውን እየጠቀለለ፣ “ሐኪም ምች የት ያውቃል” አለና ጎረሰ። ምሳዋን ሳትበላ ወጣች።

ንዴቷ ስለ ስሟ ብቻ አልነበረም። ሰው ከሞት አፋፍ ተመልሶ፣ ወደ አፋፉ የገፋው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሰው እንኳ አለመፈለጉ ነው ያንገበገባት። በሽታው ስም አለው፤ ስም ካለው ደግሞ ጥፋተኛ የለም። ምች ማንንም አይጠይቅም። መስኮት ክፈቱ አይልም።

ታፈረ ደንግጦ ሁለት ቀን ዘጋ። በሦስተኛው ቀን ማንደጃዎቹን መልሶ አቀጣጠለ። በእኔ ቤት ሰው አልሞተም አላት።

“እስካሁን አልሞተም ነው የሚባለው” አለችው። ከደጃፉ ውጭ ጣውላዋን ዘርግታ፣ ጣቶቿ እየደነዘዙ መሥራት ጀመረች። ታፈረ ብቻውን ከውስጥ ገባ ወጣ እያለ ያፈስሳል።

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ባለሆቴሉ ሥራውን ሊያይ መጣ። እስከዚያ የፈሰሱት አራት ጠረጴዛዎች ደርቀዋል፤ ግን ፊታቸው ላይ ቅባት የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል። ሰውየው በጣቱ ጠረግ አደረገና፣ “ይሄ ወንዝ ጉም ወርዶበታል፤ እኔ የጠራ ነው ያዘዝኩት” ብሎ አንዱንም ሳይወስድ ሄደ። ታፈረ ተክዞ ቀረ። ባንችይርጋ የጀሪካኑን ወረቀት አምጥታ አነበበችለት፤ በተዘጋ ቤት የሚነድ እሳት እርጥበትና ጋዝ ያወጣል፣ ያ ደግሞ ሳይደርቅ ከነካው ፊቱን ያበላሸዋል።

“ከሰሉ ነው ያበላሸው?”

“ከሰሉ ነው።”

ታፈረ ጉጠቱን አነሣ። ረጃጅሞቹን ሚስማሮች አንድ በአንድ ራሱ ነቀላቸው፤ ላስቲኩን ቀደደው፤ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። እሷ ቆማ ታየው ነበር። ለሙጂብ ያልተከፈተ መስኮት ለጠረጴዛ ተከፈተ። በዚያች ደቂቃ እጇ ላይ መዶሻ አለመኖሩ ደግ ሆነ። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገረችው፤ እሱም ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ አሁን ለዚህ ጊዜ የለንም አላት።

ሥራው ግን መሞቅ ነበረበት፤ ያለ ሙቀት እንደማይደርቅ አይተዋል። መላው የተገኘው ከጫጩት ቤት ነው። ሰአዳ የምትባል ጎረቤታቸው ከምግብ ቤቷ ጀርባ ጫጩት ታሳድጋለች፤ ጫጩቶቿን የምታሳድርበት ሣጥን ዙሪያው በጭድ የታጨቀ ነው። እሳት የለውም፤ ጭዱ የገላቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ባንችይርጋ እጇን ሰደድ አድርጋ ሙቀቱን አየችና፣ ቤቱን በሙሉ ለምን እናሞቃለን፣ መሞቅ ያለበት ጠረጴዛው ነው አለች።

ሁለት ግድግዳ ያለው ትልቅ የጣውላ ሣጥን ሠራች፤ በግድግዳዎቹ መሐል የጤፍ ጭድ ጠቀጠቀችበት፤ ክዳኑንም እንዲሁ። እሳቱ ግቢው ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ይነድዳል። በርሜል ውስጥ የፈላው ውሃ በጀሪካን ተሞልቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ውጩ ተወልውሎ ከጠረጴዛው ጎንና ጎን ይደረደራል። ኢፖክሲውና ማድረቂያው ከመቀላቀላቸው በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከነዕቃቸው ይቀመጣሉ፤ ቀጥነው ያለ አረፋ ይፈስሳሉ። ጠዋት ይፈስሳል፣ ቀኑን ሙሉ ጀሪካኖቹ በየተራ ይለወጣሉ፤ ሲመሽ ጭዱ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ሰአዳ የጫጩቶቹን ቴርሞሜትር አዋሰቻቸው፤ ይኸኛው ይነቃነቃል። ሃያ አራት ላይ ቆመ። መስኮቱ ክፍት ነው። ሰዎቹ ኮትና ጋቢ ለብሰው ይሠራሉ፤ ይበርዳቸዋል፤ ራሳቸውን ግን አያማቸውም።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ከሣጥኑ ሲወጣ ሥሩ ያለው የወይራ ዥንጉርጉር በሰማያዊው ውስጥ ይታያል። የተበላሹትን አራቱን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ አጥበው፣ ስስ አድርገው ከላይ ደገሙባቸው። ታፈረ ለባለሆቴሉ ሲደውል ሰማችው። ዘዴ አገኘሁለት ይል ነበር።

ሙጂብ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ፤ ከስቷል። ሥራ ቤቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ዕቃ ማር ይዞ እማማ አልጣሽ ቤት ገባ። ባንችይርጋ በመስኮቱ አየችው። መመስገን እንደሚገባቸው ታውቃለች፤ ሴትዮዋ ልጄ ብለው ነው የተንከራተቱት። ግን ማሩ ምን እንደሚባልበት ገባት። ዳማከሴው ያዳነው ልጅ ማር አመጣ።

ከሰዓት ጀሪካን ሲለዋውጡ ሙጂብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የጎተትሽኝ አንቺ ነሽ። አውቃለሁ” አላት።

“ማን ነገረህ?”

“እሰማ ነበር። በሩ ሲዘጋም ሰምቻለሁ። ክፈቱት ልል ፈልጌ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።”

ባንችይርጋ ጀሪካኑን አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ማር ተሸክመህ ትሄዳለህ አለችው። እማማ እንደ እናቴ ናቸው፣ በምን አፌ ገደሉኝ እላለሁ አላት። ገደሉኝ በል ያለህ የለም፤ እውነቱን ግን ለእኔ አታንሾካሹክ፣ እኔ ከአንተ በፊት አውቀዋለሁ ብላ ጥላው ወጣች። ማታ ስታስበው ለታመመ ሰው የከፋ ቃል እንደተናገረች ታወቃት። ጠዋት ግን ይቅርታ አልጠየቀችም።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ያን ዓመት ታይቶ የማያውቅ ብርድ ወረደ። ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ቀርቷል፤ እነሱም ሣጥናቸው ውስጥ ናቸው። ታፈረ እጁን እያፋተገ ገባና መስኮቱን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ደስ ብሎታል። እንግዲህ ሥራው ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ከሰሉ አይነካውም፤ እኛስ ለምን እንቀዘቅዛለን አለ። እማማ አልጣሽም ሰምተው ኖሮ፣ የጋመ ማንደጃ በጨርቅ ይዘው ከኋላው ደረሱ። ለሙጂብ ብለው ነው። ልጁ ገና ከምች የተነሣ ነው፣ ብርድ ከደገመው አይተርፍም አሉና አጠገቡ አኖሩለት። ከዚያ ዞረው በሩን ሳብ አደረጉት።

ባንችይርጋ ከውጭ በሩን በእግሯ ያዘችው። እስካሁን ያሸነፈችው ስለ ጠረጴዛው ስለተናገረች ነበር፤ አሁን ጠረጴዛው ደህና ነው። የቀረው ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ሰው ተናግራ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አልተሰማችም። እኔ አልገባም አለች። ታፈረ አትግቢ አላት፤ ለበዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶ ነገር አታንሺ ብሎም ለመናት። እሷ ሙጂብን አየችው። ሌላ የምታየው ሰው አልነበራትም።

ሙጂብ መላጊያውን አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ማንደጃውን በጨርቁ ጆሮና ጆሮውን ይዞ አነሣው። በእማማ አልጣሽ አጠገብ አልፎ፣ በባንችይርጋ አጠገብ አልፎ፣ ግቢው መሐል አስቀመጠው። ተመልሶ መጥቶ ከፊታቸው ቆመ።

“ምች አልነበረም፣ እማማ።”

“ምን ነው እሱ?”

“ከሰሉ ነው። ሲሸፍኑኝ እሰማ ነበር፤ ከሰል ጨምሩ ሲሉም ሰምቻለሁ። አትጨምሩ ማለት አቃተኝ። እግሬም እጄም የእኔ አልነበረም። የቀዘቀዘው ንፋስ ሲነካኝ ነው የተነፈስኩት።”

እማማ አልጣሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “ታዲያ በእጄ ልገድልህ ነበር?”

“እርስዎ ሊያድኑኝ ነው የለፉት። ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ አፌን የያዝኩት።”

ከውጭ አንድ ከባድ መኪና እያጓራ ወደ ላሊበላ ታጠፈ። ታፈረ ሄዶ መስኮቱን ከፈተው፤ ከከፈተው በኋላም እጁን ከመስኮቱ ሳያነሣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆየ። እማማ አልጣሽ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የተቀየሙ መስሎ ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ግን የራሳቸውን የመኝታ ቤት ማንደጃ ይዘው ወጡ። ሙጂብ ካወጣው ማንደጃ ጎን አስቀመጡት። በርጩማ አምጥተው ሜዳ ላይ፣ ንፋሱ ውስጥ፣ እጃቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

ባንችይርጋን ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም። አንድ ወር ሙሉ ከእሷ አፍ ሲወጣ ነገረኝነት የነበረ ቃል፣ ከሙጂብ አፍ አንድ ጊዜ ሲወጣ እውነት ሆነ። ለዚህም ሰውየው መጀመሪያ ሞት ደጃፍ ደርሶ መምጣት ነበረበት። ማንን እንደምትሳደብ አላወቀችም፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ለስድብ እንኳ አይመቹም።

“ነይ እሳት ሙቂ፣ ልጄ” አሏት እማማ አልጣሽ ከሜዳው።

“እመጣለሁ፣ እማማ። አንድ ሥራ አለችኝ።”

መጋዙን አነሣች። ታፈረን ገለል ይበሉ ብላ የመስኮቱን መዝጊያ ከማጠፊያው ፈታች፤ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። ከላይኛው ጫፉ በስንዝሯ ለካች። ታፈረ ምን ልታደርጊ ነው አላት። ሳትመልስለት አንድ ስንዝር ሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጣ ጣለችው። ከዚያ መልሳ ሰቅላው ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ከላይ በኩል ሰማይ ይታያል፤ ንፋሱም ይገባል።

“አሁን የፈለጉትን ያህል ሚስማር ይምቱበት” አለችው፤ ቁራጩን ሙጂብ አንሥቶ ውጭ ከፍሙ ላይ ጨመረው።